ቆሞ የሚያረጅ ባቡር

በአሮጌ ዕቃ ገበያ ሻጩ ሎኮሞቲቩን ከካርቶኑ አውጥቶ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ነው የኖረው፤ አንድ ቀን እንኳ አልተነዳም» አለኝ። ማሞገሱ ነበር። እኔ ይህን ስሰማ ዋጋ ማውረድ እጀምራለሁ። የሞዴል ባቡር ሲሮጥ የሞተሩ ካርቦን ያልቃል፣ የማርሹ ጥርስ ይሳሳል፤ እነዚህ ተገዝተው ይተካሉ። ሲቀመጥ ግን ዘይቱ እንደ ሙጫ ይደርቃል፣ ጎማው ይሰነጣጠቃል፣ መንኮራኩሩ ይጠቁራል፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ስፖንጅ እየሟሟ ቀለሙ ላይ ይጣበቃል። ሃያ ዓመት ያልተነካ ማለት ሃያ ዓመት ማንም ያላየው ማለት ነው።

ተስማማንና ገዛሁት። የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው፤ መጠኑ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ። ከሆዱ ሥር በፊትና በኋላ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞሩ ሁለት የመንኮራኩር ጋሪዎች አሉት፤ ባለሙያዎች ቦጊ ይሏቸዋል።

*

ቤት አምጥቼ ሐዲድ ላይ ሳስቀምጠው እምም አለ እንጂ አልተነቃነቀም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ኃይል ይጨምራል። ይህ ሞተር ማቃጠል ነው። ሞተር ሲዞር በራሱ ውስጥ የሚመነጨው ተቃራኒ ቮልቴጅ የሚገባውን ኤሌክትሪክ ይገታዋል። ታንቆ ሲቆም ግን የሚገታው ነገር የለም፤ ከሁሉ የበለጠ ኤሌክትሪክ የሚስበው በቆመበት ሰዓት ነው። ሁለት ሰኮንድ ሰምቶ ማጥፋት ይበቃል።

ከፈትኩት። ጥርሶቹ መካከል የነበረው ግራሶ ቡናማ ሰም ሆኗል። በስቴኪኒ ፋቅሁት፤ የብረቱን ክፍል መስኮት ከፍቼ በጽዳት ቤንዚን አጠብኩ፤ ፕላስቲኩን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ብቻ፣ ቤንዚን አንዳንዱን ፕላስቲክ ስለሚጎዳ። ከዚያ የሞተሩን ዘንግ በጣቴ አዞርኩት። በጣት ያልዞረ በኤሌክትሪክ እንዲዞር መጠበቅ የለበትም። መጀመሪያ ከበደኝ፣ ቀስ እያለ ላላ፣ ማታ ላይ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

*

የምኖረው ኑርንበርግ ነው። የጀርመን የመጀመሪያው የእንፋሎት ባቡር እ.ኤ.አ. በ1835 ከዚህ ተነስቶ ፉርት ገባ፤ መንገዱ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፍላይሽማን፣ ትሪክስና አርኖልድ የሚባሉት የሞዴል ባቡር ስሞች እዚሁ ከተማ ተወለዱ፤ በአትክልት ቦታ የሚነዳው ትልቁ ኤል.ጂ.ቢ.ም እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ሲሞት ልጆቹ ምድር ቤት ወርደው የሚያገኙት ብዙ ጊዜ አንድ ካርቶን ባቡር ነው። ከምድር ቤት ወደ አሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከገበያው ወደ እኔ ጠረጴዛ። ከእጄ ከገቡት ውስጥ በሩጫ ብዛት የሞተ አንድም አላገኘሁም።

*

ከኛ በላይ የሚኖሩት ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። ብልሽት ስነግራቸው «ምን ሆነ?» አይሉም። «የት ላይ ቆመ?» ይላሉ።

ይህች ጥያቄ ግማሹን ሥራ ትጨርሳለች። ባቡሩ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ የሚቆም ወይም ከሐዲድ የሚወርድ ከሆነ ጥፋቱ የሐዲዱ ነው። አንዱ ባቡር ብቻ በየደረሰበት ከቆመ ጥፋቱ የባቡሩ ነው። አንዱ ባቡር፣ ያውም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ሁለቱም ጥቂት ጥቂት ጎድለዋል ማለት ነው፤ ሐዲዱ በትንሹ ወርዷል፣ መንኮራኩሩም በትንሹ ጠብቧል፤ ለየብቻቸው ያልፉ ነበር፣ ሲገናኙ ግን አይተላለፉም።

የእኔ ሎኮሞቲቭ ቀጥ ባለው ላይ ይሄዳል። ወደ ቀኝ በሚታጠፈው ኩርባ ይሄዳል። ወደ ግራ በሚታጠፈው ይቆማል፤ በየትኛውም የግራ ኩርባ። «እንግዲያ ሐዲዱን ተወው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው፣ «እዚያው ኩርባ ላይ ወደ ኋላ ሲነዳስ?» ሞከርኩት፤ ወደ ኋላም ሲሄድ ቆመ። «ስለዚህ ችግሩ ከአካሄዱ ሳይሆን ከአቋሙ ነው» ብለው ቡናቸውን ጨርሰው ወጡ።

የነገሩኝን አልያዝኩትም። ሁለት ሳምንት ሙሉ መንኮራኩር ሳጸዳ ከረምኩ።

*

ኤሌክትሪኩ ከትራንስፎርመሩ ወደ ሐዲዱ፣ ከሐዲዱ ወደ መንኮራኩሩ፣ ከመንኮራኩሩ ጀርባውን ወደሚነካው ቀጭን የመዳብ ምላስ፣ ከምላሱ በሽቦ ወደ ካርቦኑ፣ ከካርቦኑ ወደ ሞተሩ ይገባል፤ ከዚያ በሌላው ጎን ይኸንኑ መንገድ ተከትሎ ይመለሳል። ሽቦና ስታኞ ባለበት ቦታ ግንኙነቱ የጸና ነው። የሚያሳስበው በመነካካት ብቻ የሚያልፍባቸው ሦስት ቦታዎች ናቸው፦ ሐዲድና መንኮራኩር፣ መንኮራኩርና ምላስ፣ ካርቦንና ሞተር። ብልሽት ስፈልግ ከነዚህ ነው የምጀምረው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከዚያ አላልፍም።

ጎረቤቴ ያላቸው የማርክሊን ነው፤ ጎፒንገን ከተማ የሚሠራው። እሱ 16 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይጠቀማል፤ አንዱን መስመር የሚወስደው በሐዲዶቹ መካከል ከተደረደሩ ጥቃቅን ነጥቦች ላይ ነው፤ ከሎኮሞቲቩ ሆድ ሥር ያለ ረጅም ምላስ እየተንሸራተተ ይነካቸዋል። ሁለቱ ሐዲዶች አንድ ላይ ሌላውን መስመር ስለሚሆኑ አንዱ መንኮራኩር ቢቆሽሽ ሌላው ያቀብላል። እኔ ያለኝ ባለ 12 ቮልቱ ነው፤ የግራው ሐዲድ አንድ መስመር፣ የቀኙ ሌላ። ከአንዱ ወገን ግንኙነት ከተቋረጠ አለቀ። የእሳቸው ባቡር አቧራ ይታገሳል፤ የኔው አይታገስም። የእሳቸው ደግሞ ያ ምላስ በሐዲዱ መገንጠያ ላይ ሲያልፍ እየተሞረደ ይሳሳል፤ ከታጠፈም ይሰነቀርና ባቡሩን ያስቆማል።

*

ሐዲድ ላይ የሚጋገረው ጥቁር ነገር ተራ አቧራ አይደለም። መንኮራኩር ሐዲድን በነካና በለቀቀ ቁጥር በዓይን የማይታይ ብልጭታ ይፈጠራል። ብልጭታው ከመጠን በላይ የተቀባውን ዘይት፣ የቤቱን አቧራና ከፕላስቲክ መንኮራኩሮች የሚረግፈውን አንድ ላይ ያቃጥልና ይጋግራል። ባቡሩ ያንን እየረገጠ ወደ ቀሪው ሐዲድ ያዳርሰዋል። አንድ የቆሸሸ ፉርጎ ባንድ ምሽት ጠቅላላውን መስመር ያቆሽሻል።

መፍትሔው አልኮል የነካ የጥጥ ጨርቅ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ሲጠቀሙ አይቻለሁ፤ ያን ዕለት እንደ መስታወት ያበራል። ግን እያንዳንዱ ጭረት የሚቀጥለው ቆሻሻ የሚተኛበት ቦይ ነው። ከወር በኋላ ከበፊቱ ብሶ ይጠቁራል፤ ሰውየውም እንደገና ብርጭቆ ወረቀቱን ያነሳል።

መንኮራኩሩን ለማጽዳት አልኮል የነካ ወረቀት ሐዲዱ ላይ አነጥፋለሁ፤ ሎኮሞቲቩን አንዱን ቦጊ ወረቀቱ ላይ፣ ሌላውን ባዶው ሐዲድ ላይ አድርጌ በእጄ ይዤ ኃይል እሰጠዋለሁ። ባለበት ይሽከረከራል። ወረቀቱ ላይ የሚቀሩት ሁለት ጥቁር መስመሮች ምን ያህል እንደቆየ ይነግሩኛል።

*

የዘመኑ ሐዲድ የሚሠራበትን ብረት ጀርመኖች «አዲስ ብር» ይሉታል። መዳብ፣ ዚንክና ኒኬል ነው፤ ብር የሚባል የለበትም። የሚወደደውም እንደ ነሐስ ቶሎ ስለማይዝግ ነው።

*

ልጄ ከጠረጴዛው ማዶ ሆና «ምን ላቀብልህ?» ስትለኝ «ካቻቪቴ» እላለሁ። እዚህ ተወልዳ እዚህ ነው ያደገችው፤ አንድ ቀን «ካቻቪቴ አማርኛ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ፒንሳ፣ ሞላ፣ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ስታኞ፣ ጋንቾ፤ ሁሉም ከጣሊያንኛ መጥተው በየጋራዡ አማርኛ የሆኑ ናቸው። አጎቴ ድሬዳዋ የምድር ባቡር ጋራዥ ውስጥ ይሠሩ ነበር፤ እነዚህን ቃላት ከእሳቸው አፍ ነው የወሰድኩት። የጀርመንኛውን ስም በሥራ ቦታ እጠቀምበታለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ስል ግን እጄ የሚያውቀው የአጎቴን ቃል ነው። እሷም አሁን ጀርመንኛ እየተናገረች መሃል ላይ «ስታኞ» ትላለች፤ ደስ ይለኛል።

*

ዘይት። ከሁሉ የከፋውን ጥፋት ያጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ሎኮሞቲቬ ሲንጫጭ ከቱቦው ቀጥታ አፈሰስኩበት። ጩኸቱ ወዲያው ጠፋ። በሳምንቱ ዘይቱ በዘንጉ በኩል ተስቦ ካርቦኑ ጋ ደረሰ፣ ከካርቦኑ ዱቄት ጋር ተቦክቶ ጥቁር ጭቃ ሆነ፤ ሞተሩ ግሎ ቆመ።

አሁን ቀጭን መርፌ ጫፍ ላይ የያዘውን ያህል ብቻ ነው፤ ዘንግ ኩሽኔታው ውስጥ በሚገባበት ቦታ፣ አንድ ጠብታ። ለጥርሶች ዘይት ሳይሆን ግራሶ፣ እሱም ጥርሱን የሚያለብስ እንጂ ቤቱን የሚሞላ አይደለም። ሁለቱም ፕላስቲክ የማይበሉ መሆን አለባቸው። ሰዎች ለበር ማጠፊያና ለዛገ ብሎን የሚረጩት ቆርቆሮ ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ የቆየውን ያሟሟል፣ ራሱ ግን ተኖ ይሄድና ዘንጉን ደረቅ ይተወዋል።

*

ካርቦን የሚባለው በሞላ ተገፍቶ የሚዞረውን የሞተሩን መዳብ የሚነካው ጥቁር ቁራጭ ነው። በድሮው ማርክሊን አንዱ ወገን ካርቦን፣ ሌላው ወገን ከመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ነው፤ ሁለት የተለያዩ መሆናቸውን ያላወቀ ሰው «አንዱ ጠፍቶ በሌላ ተተክቷል» ብሎ ሊጥለው ይችላል። ከመንቀሌ በፊት በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ።

የሚዞረው መዳብ በቀጫጭን ስንጥቆች ለሦስት ወይም ለአምስት ተከፍሏል። አምስት ከሆነ ባቡሩ ቀስ ብሎ ሲነሳ አይነጥርም። እነዚያ ስንጥቆች በካርቦን ዱቄት ሲሞሉ ኤሌክትሪኩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ይግላል። ባለቤቱ አዲስ ሞተር ሊገዛ ይሄዳል። ስቴኪኒ ይበቃው ነበር። መርፌ ወይም ቢላ ግን አይነካውም፤ መዳብ ለስላሳ ነው።

*

ሎኮሞቲቩ ብዙ ፉርጎ እንዲጎትት ከመንኮራኩሮቹ አንዳንዶቹ ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት ይለበስላቸዋል። ያለ ጎማ ብረት በብረት ላይ ቶሎ ይንሸራተታል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። ግን ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ጎማ የለበሰ መንኮራኩር ሁሉ ለጉልበት ሲባል ከኤሌክትሪክ አቀባይነት የተሰናበተ ነው። ሠሪው ይህን ሲያመዛዝን ኖሯል፤ ጉልበት ሲጨምር ግንኙነት ይቀንሳል።

የኔውን ገልብጬ ሳየው ከኋለኛው ቦጊ የግራዎቹ ሁለት መንኮራኩሮች ጎማ ለብሰዋል። ጎማዎቹ ደርቀው እንደ ፕላስቲክ ጠንክረው ነበር። በሁለት ወረንጦ አዲስ አለበስኩ፤ ሳይጠማዘዝ እንዲቀመጥ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። የተጠማዘዘ ጎማ ባቡሩን በየዙሩ ያነክሰዋል። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ፉርጎ ጎተተ። በግራ ኩርባ ግን አሁንም ቆመ።

*

ስለ ሎኮሞቲቭ ብዙ ይጻፋል፤ ፉርጎን የሚያስታውሰው የለም። ከሐዲድ የሚወርደው ግን ብዙውን ጊዜ ፉርጎ ነው።

መጀመሪያ ክብደቱ። ሁለት ከባድ ፉርጎዎች መሃል የገባ ቀላል ፉርጎ ኩርባ ላይ እንደ ገመድ ወደ ውስጥ ይሳብና ይገለበጣል። የአሜሪካ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለዚህ መጠን በሚያወጣው ምክር መነሻው 28 ግራም ሆኖ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ርዝመት 14 ግራም ይጨመራል፤ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፉርጎ 140 ግራም ገደማ ይሆናል። የአውሮፓዎቹ ከዚህ ይቀላሉ። ቁጥሩን አጥብቆ ከመያዝ ይልቅ በአንድ ባቡር ውስጥ ያሉት ፉርጎዎች እንዲቀራረቡ ማድረግ ይሻላል። እኔ በወጥ ቤት ሚዛን እመዝናለሁ፤ የጎደለውን ከወለሉ ሥር የብረት ቁራጭ እለጥፍበታለሁ፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ይጸናል።

ሁለተኛ መንኮራኩሩ። በዚህ መጠን ሐዲዱ 16.5 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ የሁለቱ መንኮራኩሮች ጀርባ ለጀርባ ርቀት 14.4 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ፕላስቲክ ዘንግ ላይ የተወተፈ መንኮራኩር በጊዜ ብዛት ይንሸራተታል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ከጠበበ በቀጥታው ሐዲድ ምንም አይታወቅም፤ መገንጠያው ላይ ሲደርስ ግን ዘልሎ ይወጣል፤ ባለቤቱም መገንጠያውን ነቅሎ ይጥላል።

ሦስተኛውን የተማርኩት ዘግይቼ ነው፤ ከሁሉ የምወደውም እሱን ነው። ባለ አራት እግር ወንበር ያልተስተካከለ መሬት ላይ ይንገጫገጫል፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አይንገጫገጭም። ባለ ሁለት ቦጊ ፉርጎም እንዲሁ ነው። የአንዱን ቦጊ ብሎን ቦጊው ወደ ግራና ቀኝ እንዲዞር እንጂ ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ አድርጎ ማጥበቅ፣ የሌላውን ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እንዲወዛወዝ ላላ ማድረግ። ያኔ ፉርጎው በሦስት ነጥብ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ሐዲድ ከሌላው በትንሹ ቢወርድ እንኳ መንኮራኩሩ ሁሉ ሐዲዱን ይዞ ያልፋል። ሁለቱንም ያጠበቀ ሰው ፉርጎውን ባለ አራት እግር አደረገው። ሁለቱንም ያላላ ደግሞ እንደ ሰከረ ያስኬደዋል። ዓመቱን ሙሉ ከሐዲድ ሲወርድ የኖረ ፉርጎ በካቻቪቴ ሩብ ዙር ብቻ ሲድን ማየትን የሚያህል ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ አላገኘሁም።

የጋንቾው ከፍታም አለ፤ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ካለ ዳገት ላይ ይላቀቃሉ። ይህ በዓይን ይታያል።

*

አጎቴ የቆመ ባቡር አጠገብ ሲያልፉ መንኮራኩሩን በትንሽ መዶሻ መታ ያደርጉ ነበር። የጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ልጅ ሳለሁ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

በትንሹም ባቡር ጆሮ ከዓይን ይቀድማል። ሲጢጥ የሚል ከሆነ ኩሽኔታው ደርቋል። በእኩል ርቀት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ካለ ጥርስ ተሰንጥቋል፤ ፕላስቲኩ ዘንጉን አንቆ ሲኖር በአንድ በኩል ይከፈትና በየዙሩ ያችን ስንጥቅ ይረግጣል። በማጉያ መነጽር እንኳ የማይታየውን ይህን ስንጥቅ ጆሮ ከክፍሉ ማዶ ይለየዋል። ማጣበቅ አይቻልም፤ የጥርሱ ፕላስቲክ ማጣበቂያ የማይዘው ዓይነት ነው። መለወጥ ብቻ ነው።

*

አንድ ብልሽት አለ፤ የማይድን። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የወጡ አንዳንድ ሎኮሞቲቮች በተሠሩበት የዚንክ ቅይጥ ውስጥ ትንሽ እርሳስ ገብቶ ነበር። ያቺ ትንሽ ቆሻሻ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ለአሥርተ ዓመታት ትሠራለች። ብረቱ ያብጣል፣ ይረዝማል፣ ይጠማዘዛል፣ የቅርፊት ስንጥቅ ያወጣል፣ በመጨረሻ ስታነሱት እንደ ደረቅ ዳቦ በእጅ ላይ ይፈረፈራል። ጀርመኖች የዚንክ ወረርሽኝ ይሉታል። ከስሙ የተነሳ የታመመውን ከጤነኛው ለይተው የሚያስቀምጡ አሉ። አይተላለፍም፤ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ውስጡ ያለ ነው፤ እርጥበት ያፋጥነዋል እንጂ አያመጣውም።

አንዱን ጎረቤቴ አሳዩኝ። አባታቸው የሰጧቸው ነው። ቀለሙ አሁንም ያበራል፤ አካሉ ግን ሙዝ መስሎ ጎብጧል። አልከፈትነውም። ከነጥጡ መልሰው አስቀመጡት።

*

ዲጂታል ሲመጣ ብዙ ሰው አቧራ ያበቃ መስሎት ነበር። በድሮው አሠራር ሐዲዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ራሱ ፍጥነቱ ነው። በዲጂታሉ ግን ሐዲዱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለ፤ ትእዛዙም በዚያው ሐዲድ ይመጣል፣ ሎኮሞቲቩ ውስጥ ያለው ቺፕ አንብቦ ሞተሩን ያዝዛል። ስለዚህ የቆሸሸ መንኮራኩር አሁን የሚያስቀረው ኃይልን ብቻ ሳይሆን ቃልንም ነው። የድሮው ባቡር አንዲት የቆሸሸች ነጥብ ላይ በግፊቱ ያልፋል፤ ቺፑ ግን ኤሌክትሪኩ ለቅጽበት ሲቋረጥበት ሁሉን ረስቶ እንደ አዲስ ይነሳል። ኃይል አጠራቃሚ ካፓሲተር ማስገባት ይረዳል፤ ማጽዳትን ግን አይተካም።

ባለ ዲጂታል ባቡር ሲቆም የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሁልጊዜ ውዱ ቺፕ ነው። ለምርመራ ከመጡልኝ አብዛኞቹ ቺፓቸው ደህና ነበር። ቺፕ በእርግጥ ያቃጠለ አንድ ወዳጄ የድሮ ሎኮሞቲቭ ላይ ሲገጥመው የካርቦኑ መያዣ ከብረት አካሉ ጋር እንደሚነካካ አላየም። በድሮው አሠራር ያ ንክኪ ሠሪው ያሰበው መንገድ ነው፤ በዲጂታሉ ግን መግደያ ነው። ከመግጠም በፊት በቴስተር መለካት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

*

ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ለ87 ሳካፍለው ሐዲዱ 11.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የስዊስ ተራራ ባቡሮችን በሞዴል የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በቂ ነው። መንገዱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሞዴል 9 ኪሎ ሜትር ገደማ። እ.ኤ.አ. በ2001 ሃምቡርግ የተከፈተው ሚኒያቱር ቩንደርላንድ የተባለው የሞዴል ባቡር ትርኢት ውስጥ የተዘረጋው ሐዲድ ተደምሮ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ መንገዳችን ሙሉውን እዚያ ይገባል፤ ይተርፋልም። የማይገባው ዳገቱ ነው። ከባሕር ጠለል ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚወጣው በሞዴል ከ26 ሜትር በላይ ይሆናል፤ ያ የስምንት ፎቅ ሕንፃ ቁመት ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል ጠረጴዛዬ ላይ ያለው 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሆናል። የኔው ባቡር የሚሄደው በአዲሱ ስፋት ነው፤ እጄ የሚፈልገው ግን የአጎቴን 12 ሚሊ ሜትር ነው። ከድሮው መስመር አንድ ፉርጎ በሱቅ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። ከፎቶ እየለካሁ አንዱን በካርቶን ጀምሬያለሁ፤ ጣሪያው ላይ ደርሻለሁ።

*

ካርቦን ሲነቀል ሞላው ይፈናጠራል። ምንጣፍ ላይ ከወደቀ አበቃ። ሎኮሞቲቩንም ሁለቱን እጆችንም ነጭ ፌስታል ውስጥ አግብቶ መፍታት ይቻላል፤ የተፈናጠረው እዚያው ይቀራል። ይህን ያሳየችኝ ልጄ ናት።

*

ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል በበጋ ይግላል፣ ምድር ቤት ይረጥባል። ባቡር ሰው በሚኖርበት ክፍል ነው መቀመጥ ያለበት። ከፋብሪካው ስፖንጅ አውጥቼ ለስላሳ ነጭ ወረቀት እጠቀልልበታለሁ። በእያንዳንዱ ካርቶን ውስጥ አንዲት ካርድ አለች፤ መቼ ዘይት ጠጣ፣ መቼ ጎማ ለበሰ፣ መቼ ተነዳ። በዓመት ሁለት ጊዜ ሁሉም ይወጣሉ፤ ወደፊት ሩብ ሰዓት፣ ወደ ኋላ ሩብ ሰዓት። የማልወደውን እንኳ አወጣለሁ። ካርዱ ላይ የመጨረሻው ቀን ሲርቅ ሳይ እንቅልፍ አይወስደኝም።

*

የግራው ኩርባ።

ጎረቤቴ ያሉት ቃል ከብዙ ቀን በኋላ ሳህን ሳጥብ መጣልኝ፤ «ከአቋሙ ነው»። ኩርባ ላይ ባቡሩ ወደ ፊት ሄደም ወደ ኋላ፣ የፊተኛው ቦጊ ወደ ግራ ዞሮ ነው የሚቆመው። ታዲያ ቦጊው ወደ ግራ ሲዞር የሚለወጠው ምንድን ነው? እጄን አድርቄ ጠረጴዛው ጋ ሄድኩ።

የኋለኛው ቦጊ የግራ መንኮራኩሮች ጎማ ለብሰዋል። ስለዚህ ከግራው ሐዲድ ኤሌክትሪክ የሚያነሳው የፊተኛው ቦጊ ብቻ ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚያደርሰውም አንድ ነጠላ ሽቦ ነው። ጎማውን በገዛ እጄ ስለውጥ ይህን አይቼ ነበር፤ አይቼ አላሰብኩትም። የቴስተሩን አንድ ጫፍ መንኮራኩሩ ላይ፣ ሌላውን ካርቦኑ ላይ አደረግኩ። ጢጥ አለ። ቦጊውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ ጢጥታው ቀጠለ። ወደ ግራ አዞርኩ፤ ዝም አለ።

ሽቦው ከላስቲኩ ውስጥ ተበጥሷል፤ ላስቲኩ ብቻ ይዞታል። ቀጥ ሲል ጫፎቹ ይነካካሉ፣ ሲወጠር ይላቀቃሉ። ከኔ በፊት የነበረ ሰው አንድ ጊዜ ቆርጦ መልሶ በስታኞ አያይዞታል፤ ሲያያይዘው አሳጥሮታል። ሃያ ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ አንድ ቀን በግራ ኩርባ ላይ ሲቆምበት አይቶ ካርቶኑ ውስጥ ከትቶት ይሆናል።

ቀጭን ለስላሳ ሽቦ ቆረጥኩ፤ ቦጊው እስከ መጨረሻው ዞሮ እንኳ እንዳይወጠር 4 ሚሊ ሜትር አስረዘምኩት። ልጄ ስታኞውን ያዘችልኝ። ከላይ ጎረቤቴን ጠራናቸው፤ በሸበጣቸው ወረዱ።

ወደ ግራ አሥራ ሁለት ዙር ዞረ። ሦስታችንም ቆመን ቆጠርን። በአሥራ ሦስተኛው ላይ የፊት መብራቱ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ተመልሶ በራ። ጎረቤቴ ወንበር ሳቡና፣ «የት ላይ?» አሉ።